ውሃው በአስፋልት አልመጣም

«ሬዲዮ ተዘጋች፣ ሰማህ?» አለኝ የባጃጁ ሹፌር። ቀፊራ ገበያ አጠገብ ቲማቲም የጫነ ጋሪ መንገዱን ዘግቶብን ቆመን ነበር። የትኛው ሬዲዮ ልለው አፌን ከፈትኩና ገባኝ። ሒሳቡን እጁ ላይ ጥዬለት እዚያው ወረድኩ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ድሬ ውስጥ ሰው ሲሞትም በቅጽል ስሙ ነው የሚሞተው። ሌላ ሰው ቢሆን እኔም ስቄ ባለፍኩ። በእሷ ግን ያን ቀን ማንም እንዲቀልድ አልፈለግኩም። ስልኬን ሳወጣ ልጇ ፎዚያ ደጋግማ ደውላ አጥታኛለች።

አዴ ሰኣዳ ጎረቤታችን ነበረች። አባቴ ከደጋ መጥቶ ምድር ባቡር ሲቀጠር መጋላ ሰፈር ውስጥ ቤት የተከራየው እነሱ ግቢ ነው፤ እኔም እዚያው ተወልጄ እዚያው አደግኩ። በሯ ከበራችን ፊት ለፊት ነው። «አዴ»፣ እናት እንደማለት፣ እንላታለን እንጂ አንቱ ብለናት አናውቅም። ድሬ ላይ አንቱ ያልከው ሰው ዞሮ ከኋላው ማን እንዳለ ነው የሚያየው። አጭር ናት፤ ድምጿ ግን ከቁመቷ ጋር አይገናኝም። ቀፊራ ሎሚና ዘይቱን፣ ጓቫውን ማለቴ ነው፣ ትሸጥ ነበር። ስትስቅ ጭኗን በጥፊ ትመታለች፣ ስትናደድም ጭኗን በጥፊ ትመታለች፤ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን ማየት ያስፈልጋል።

አንድ አመል ነበራት። የተዋሰችው ዕቃ ቤቷ አያድርም። ግቢያችን ውስጥ የማንም ወንፊትና የማንም ድስት የማንም ነው፤ እናቴ መጥረቢያ ተውሳ ዓመት ታስቀምጣለች። ሰኣዳ ግን የወሰደችውን ፀሐይ ሳትጠልቅ ትመልሳለች፣ ያውም ባዶውን አይደለም፤ ሁለት ዘይቱን ወይ አንድ እፍኝ ሎሚ ጣል ታደርግበታለች። «የሰው ዕቃ ቤቴ ካደረ እንቅልፍ የለኝም» ትላለች። እኛ እንስቅባት ነበር።

ሐምዛን የላከችው በዚህ አመሏ ነው። ሐምዛ የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ የፊት ጥርሶቹ ገና አልተተኩም ነበር። ደቻቱ ወንዝ ዳር ከምትኖረው እህቷ የተዋሰችውን ድስት አንስታ ዘይቱን ሞላችበትና አድርስ አለችው። ልጁ ኳስ ይዞታል፤ ነገ ላድርሰው ብሎ ለመናት። ዛሬ አለች። ሄደ፣ አደረሰ፣ መሸና አክስቱ እዚህ እደር አለችው። ድሬን የመታት ትልቁ ጎርፍ የመጣው በዚያው ሌሊት ነው። ድሬ ላይ አንድ ጠብታ አልዘነበም። የዘነበው ላይ፣ ተራራው ላይ ነው፤ ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ የሆነው ወንዝ ቤቱን ከነሰዎቹ ይዞ ወረደ። የእህቷ ሬሳ ተገኘ። የሐምዛ አልተገኘም። ሰው ሁሉ ወደ ታች፣ ወደ ሶማሌው ሜዳ ሄዶ ፈለገ። እሷም ስንት ጊዜ ሄደች።

ያኔ እኔ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። ሴቶቹ ከበዋት «ላክሁት፣ እኔ ነኝ የላክሁት» እያለች ራሷን ስትደበድብ አስታውሳለሁ። ማንም ሊያስቆማት አልቻለም። አባቴ ወሬ የማይወድ ሰው ነበር፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ገብቶ ዝም ብሎ ነው የሚወጣው። ያን ቀን ግን አጠገቧ ቁጭ አለና «ሰኣዳ» አላት፤ «ለሞት የላክሽው አንቺ አይደለሽም። ላይ ሐይቅ አለ። ሐይቁ ነው ተገምሶ የመጣው።»

እጇ አየር ላይ ቀረ። «የት ነው ያለው?»

አባቴ በእጁ ተራራውን አሳያት።

«ምን ይመስላል?»

«ቡናማ ነው» አላት። «ይኸው፣ እንዳየሽው።»

ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቅ። ከላይ ጫት የሚያወርዱ ሰዎች ከተራራው ጀርባ፣ ከመንገድ የማይታዩ ሐይቆች አሉ ሲሉ ሰምቶ ይሆናል። ራሱ ይመነው አይመነው ጠይቄው አላውቅም። ብቻ ወሬው ከግቢያችን ወጣ፣ መጋላን ዞረ፣ ቀፊራ ደረሰ፤ በሳምንቱ ጎርፉ የመጣው ሐይቁ ተገምሶ ነው የማይል ሰው አልነበረም። ሰኣዳም ራሷን መምታት አቆመች። የምትጠላው ነገር አገኘች፤ ሐይቁን።

ተዕዚያ ግን አልቀመጥም አለች። እኛ ሰፈር ሙስሊሞቹ ተዕዚያ የሚሉት የሦስት ቀኑን የለቅሶ መቀመጥ ነው፤ ሰው ይመጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ከዚያ ቤቱ ወደ ኑሮው ይመለሳል። መስጊድ ውስጥ ሬሳቸው ላልተገኙት ሁሉ ተሰግዷል። ባሏም ሼኹም ለመኗት። «ያን ሐይቅ በዓይኔ ሳላየው አልቀመጥም» አለች። ይበርድላታል ብለን ተውናት።

ሬዲዮ የተባለችው ከዚያ በኋላ ነው። ቀፊራ ተቀምጣ ዓይኗ ተራራው ላይ ነው። ከደቡብ በኩል ደመና ከጠቆረ ሎሚዋን በሻሽ ሸፍና፣ ደንበኛ ቆሞ ቢጠብቃትም ትታው፣ ወደ ደቻቱ ትሮጣለች። አሸዋው ላይ ሁልጊዜ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አሉ። «ውጡ! ላይ ዘንቧል! ውጡ ብያለሁ!» ድልድዩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማታል። ልጆቹ የጠራውን ሰማይ እያዩ ይስቁባታል፤ «ሬዲዮ ተከፈተ» ይላሉ። አታፍርም። አሸዋው ውስጥ ገብታ በጆሮ ጎትታ ታወጣቸዋለች። አንድ ቀን አውጥታቸው ዳር ላይ ቆመው ሲያሾፉባት ቡናማ ውሃ አረፋውን እየገፋ መጣ። ብዙ አልነበረም፤ ጉልበት ድረስ ቢሆን ነው። ልጆቹ ወደ ኋላ ሸሹ። «ውሃ አይጣራም» አለቻቸው፤ «መጥቶ ነው የምታውቁት።» በማግስቱ ኳሳቸውን ይዘው እዚያው አሸዋ ላይ ነበሩ፤ እሷም እዚያው ነበረች።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ባሏ ሞተ፣ አባቴም ሞተ። በጎርፉ ጊዜ የምትታዘል የነበረችው ፎዚያ አድጋ ታጨች። ሰርጉ ሲነሳ ሰኣዳ «ለቅሶ ያልወጣለት ቤት ሰርግ አይገባበትም» አለች። «መጀመሪያ ሐይቁን አያለሁ። አይቼ እመጣለሁ፣ ለወንድምሽ እቀመጥለታለሁ፣ ከዚያ በከበሮ እድርሻለሁ።» ፎዚያ ወደ እኔ መጣች። «ጌቱ፣ ውሰዳትና ትረፍ» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። እኔ ከቀፊራ እስከ ቤቴ በባጃጅ የምመላለስ፣ ቦርጫም ሰው ነኝ። ግን እሺ አልኩ፤ መኪና ተኮናትሬ በደንገጎ ዳገት አውጥቼ፣ አሳይቼ፣ ለምሳ እመልሳታለሁ ብዬ ነው።

«በመኪና?» አለች ሰኣዳ። «ውሃው በአስፋልት አልመጣም። በመጣበት ነው የምሄደው።»

ተራራው ስር ያለችው ሐርላ ድረስ ብቻ በመኪና ሄድን። እዚያ ጣሃ ጠበቀን፤ በለስ ሲደርስ ቀፊራ የሚያመጣላት የሐርላ ሰው ነው። የጥንት ሰዎች የካቡትን የፈረሰ ግንብ አልፈን፣ ወደ ደቻቱ ከሚወርዱት ደረቅ ጅረቶች አንዱ ውስጥ ገባን። መጀመሪያ አሸዋ ነበር፤ አሸዋው ጠጠር ሆነ፣ ጠጠሩ ቤት የሚያክል አለት ሆነ፣ ከዚያ ጅረቱ ገደል ስር አለቀ። ጣሃ ቆመና አየን። «ከዚህ በኋላ መንገድ የለም። ፍየል ራሱ በዚህ አይወጣም። ሰው በዚያ በኩል ዞሮ አስፋልቱን ይዞ ነው የሚሄደው።»

«ውሃው በየት ወረደ?» አለችው።

ጣሃ በገደሉ ላይ ያለውን ጥቁር የውሃ ፋና አሳያት።

«እንግዲያው መንገድ አለው» አለች።

በገደሉ ትከሻ ወጣን። ወጣን ማለት በልባችን ተሳብን ነው። የምረግጠው ድንጋይ ከእግሬ ስር እየሾለከ ይሄዳል፣ የምይዘው ሁሉ እሾህ ወይ ቁልቋል ነው። አንድ ቦታ ላይ በግራችን ባዶ ነበር፤ ወደዚያ እንዳላይ ፊቴን ከአለቱ ጋር አጣብቄ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ። ከላዬ አዴ ሰኣዳ የፕላስቲክ ጫማዋን አውልቃ በጥርሷ ይዛዋለች፤ በባዶ እግሯ ትወጣለች። ጉልበቷ የታመመ ሴት ናት። ስትቃትት ይሰማኛል፣ ግን አንድ ጊዜ እንኳ እንመለስ አላለችም። «አዴ፣ ትንሽ እንረፍ» ስላት፣ «አንተ እረፍ፣ እኔ ለማረፍ ነው የምሄደው» አለችኝ።

ዘንቢሏን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ከጠዋት ጀምሮ ትከሻዬን ቆርጦታል። ምሳ ነው ብዬ ነበር የቻልኩት፤ አንድ ጥላ ያለው ቦታ ስንደርስ ከፈትኩት። በሻሽ የተጠቀለለ ድንጋይ ነው። አበድኩ።

«በዚህ ሁሉ ድንጋይ መሃል ድንጋይ ታሸክሚኛለሽ? ዋላሂ አንቺስ!»

«የእኛ አይደለም እሱ» አለች። «የእህቴ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ይሄ ብቻ ነው የቀረው። እየው፣ ጥቁር ነው፤ ደቻቱ ዳር እንዲህ ያለ ድንጋይ የለም። ውሃው ነው ከላይ ያመጣው። ልመልስለት ነው።»

«ለማን?»

«ለሐይቁ። እሱ የእኔን አልመለሰም። እኔ ግን የሰው ዕቃ አላሳድርም። ይሄ ሁሉ ዓመት ቤቴ አደረ።» ሻሹን መልሳ ጠቀለለችበትና «ለእሱ ግን ባዶውን ነው የምመልሰው፣ ምንም አልጨምርበትም» አለች።

ዘንቢሉን መልሼ ትከሻዬ ላይ አደረግኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ክብደቱ አላወራሁም።

ጫፉ ላይ ስንወጣ ፀሐይ አናታችን ላይ ነበረች። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው። ከታች ጎድጓዳ ሜዳ ተዘርግቷል፤ መሃሉ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አለ። ጣሃ ጣቱን ቀሰረ። ሰኣዳ ቁጭ አለች። ከዚያ በኦሮምኛ መናገር ጀመረች፤ ለእኛ አይደለም፣ ለሚያብረቀርቀው ነገር ነው። የልጇን ስም ነገረችው። ጥርሱ ያልተተካ መሆኑን ነገረችው። ሰደበችው፣ እንዲህ ያለ ስድብ ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ጣሃ ፊቱን አዞረ፤ እኔ አለቀስኩ። ደስም ብሎኝ ነበር፤ በቃ አገኘችው፣ አሁን ታርፋለች አልኩ።

ወርደን ቀረብን። ያብረቀረቀው ላስቲክ ነው። ገበሬ ቆፍሮ፣ ጥቁር ላስቲክ አንጥፎ፣ የዝናብ ውሃ ያጠራቀመበት ኩሬ። ዙሪያውን ሜዳው ሁሉ ጫትና ድንች ነው። አንድ ሽማግሌ የውሃ ጎማ ይዘው ጫት ያጠጣሉ።

«ሐሮን ኤሳ ጅራ?» አለቻቸው፤ ሐይቁ የት ነው?

ሽማግሌው ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። መሬቱን በተረከዛቸው መቱት። «ቆመሽበታል እኮ።»

«መቼ ነው የደረቀው?» አለቻቸው። ቀስ ብላ ነው የጠየቀችው።

«ቆይቷል» አሉ። ድሬን ጎርፍ የመታት ዓመትስ ስትላቸው እጃቸውን አወናጨፉ። «ያን ዓመትማ እዚህ ድንች ነበር የዘራሁት። ከዚያ በፊት ነው የደረቀው።»

«ጎርፉ ታዲያ ከየት መጣ?»

ሽማግሌው ጥያቄው አልገባቸውም፤ እኔን አዩኝ። «ዝናብ ነዋ» አሉ። «ከሰማይ ነው። ጎርፍ ከየት ይመጣል?»

ጣሃ ከሜዳው ማዶ፣ ከዚያኛው ጉብታ ላይ ሌላ ትንሽ ሐይቅ እንደነበረ አባቱ ይነግረው ነበር አለ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ ግን ተነሳች። ያን ጉብታ እንዴት እንደወጣችው አላውቅም፤ እኔ ከኋላ ሆኜ የባዶ እግሯን አሻራ ነበር የማየው፣ ደም ነበረበት። እዚያም ሐይቅ የለም። የተሰነጠቀ መሬት፣ የከብት ኮቴ፣ መሃል ላይ ትንሽ ሣር። ሰው እንኳ የለም የሚጠየቅ። ዙሪያውን ሙሉ ዞረችው፤ አጎንብሳ መሬቱን በእጇ ነካችው። እርጥበት ስትፈልግ ነው።

ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጌቱ» አለችኝ። «ሐይቅ ከሌለ ሐምዛን ማን ገደለው?»

«ዝናብ ነው፣ አዴ። ሰምተሻቸዋል።»

«ዝናብ ማንንም አይልክም» አለች። «ነገ ላድርሰው ብሎኝ ነበር። ዛሬ አልኩት። የላክሁት እኔ ነኝ።»

አባቴ ያን ጊዜ እንዳላት ያለ አንድ ቃል ፈለግኩ። ጀርባዋ ላይ እጄን አደረግኩ፤ አልተቃወመችም፣ ግን እንዳልተሰማት አወቅኩ። እንደ ድሮው ራሷን ብትደበድብ ደስ ይለኝ ነበር። እጇ ጭኗ ላይ ተቀምጧል፣ አይንቀሳቀስም።

የተመለስነው በአስፋልቱ ነው። ድንች የጫነ አይሱዙ ጋቢናው ውስጥ አሳፈረን። ድንጋዩን ከዘንቢሉ አውጥታ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። እዚያው ልትጥለው ትችል ነበር፤ ባለቤት የሌለው ቦታ ላይ ዕቃ አልጥልም አለች። ከደንገጎ ቁልቁል ስንዞር ድሬ ታየች፣ በመሃሏ ነጩ ደቻቱ። ሹፌሩ ዘፈን ከፍቷል።

ተዕዚያ አልተቀመጠችም። የፎዚያ ኒካህ በባሏ ቤተሰብ ቤት ታሰረ፤ ሰኣዳ ሄደች፣ አንድ ጥግ ተቀመጠች፣ ከበሮው ሲመታ አንገቷን ደፍታ ነበር። ድንጋዩ በሯ ስር ተቀመጠ። ሬዲዮም ቆመች። ቀፊራ መቀመጫዋን አዙራ ጀርባዋን ለተራራው ሰጠች። ደመናው ሲጠቁር ጎረቤት ነጋዴዎች «ሰኣዳ፣ ዛሬ አትሄጂም?» ይሏታል፤ ሎሚዋን ትደረድራለች። አንድ ጊዜ ከነዚያ ልጆች አንዱ ቀፊራ ድረስ መጥቶ «ሬዲዮ፣ ለምን አትመጪም?» ሲላት ሰምቻለሁ። ዘይቱን ሰጠችው። ልጁ ዘይቱኑን ይዞ ትንሽ ቆሞ ሄደ።

ከጊዜ በኋላ ታመመች፤ ሕመሙ ሲጸናባት በየቀኑ እገባ ነበር። ከመሞቷ ጥቂት ቀን በፊት ፎዚያ ትራሷን ስታስተካክልላት ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

«ያን ቀን ሐይቁን አይተነዋል፣ አይደል?» አለችኝ።

ፎዚያ አየችኝ። እኔም ፎዚያን አየኋት።

«አይተነዋል» አልኩ። «ሞልቶ ነበር፣ አዴ።»

«ምን ይመስል ነበር?»

«ሰማያዊ» አልኩ።

ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መሰለኝ። «ውሸት አትችልም» አለችኝ ቆይታ። «አባትህ ይሻል ነበር። እሱ ቡናማ ነው ያለኝ።»

አንድ ቃል ነበር የተፈለገብኝ፤ እሱንም ሳትኩት። ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ፣ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅኩ።

ከቀብሯ በኋላ ሦስቱን ቀን ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ሼኹ ለእሷ ዱዓ ሲያደርጉ ፎዚያ ከሴቶቹ በኩል ሰው ልካ የሐምዛንም ስም አስጠራች። ወጣቶቹ ማን እንደሆነ አያውቁም። በዚያ ቤት ስሙ ለተዕዚያ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር፤ የምትቀመጥለት ግን የለችም።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲፈርስ ፎዚያ ድንጋዩን በዘንቢሉ ይዛ መጣች። «ይሄን ምን ላድርገው?» አለችኝ። «ቤቷ የሰው ዕቃ አድሮ አያውቅም፣ ይሄ ብቻ ነው ያደረው። መንገድ ላይ ልጥለው እጄ እምቢ አለኝ።» ስጪኝ አልኳትና ወደ ደቻቱ ሄድኩ። የሰኣዳ እህት ቤት በነበረበት ቦታ ላሳርፈው ነበር ሐሳቤ። ከደቡብ በኩል ተራራው ጠቁሯል። አሸዋው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። «ውጡ!» አልኩ፤ ድምፄ ድልድዩ ድረስ እንኳ አልደረሰም። ደግሜ ጮህኩ። አንዱ ዞሮ አየኝና ለጓደኞቹ «ሬዲዮ ሞታለች እኮ» አለ፤ ኳሱን መታ።

ልጆቹ ራሳቸው ጨዋታ ጨርሰው እስኪወጡ ዳር ላይ ቆምኩ። ያን ቀን ውሃ አልመጣም። ድንጋዩን ባለቤት የሌለው ቦታ ላይ ማስቀመጥ ግን አልቻልኩም፤ ይዤው ወደ ቤቴ ተመለስኩና በሩ ስር አኖርኩት። ሚስቴ ስታየው «የማን ነው?» አለችኝ።